ጣሪያ ላይ ያረፈች አልገባችም

በሬዲዮ ዘጋቢነት ሃያ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። በእነዚህ ዓመታት የሌላውን ሰው ገጠመኝ ስዘግብ እንጂ የራሴን ስናገር የሰማኝ የለም። ዘጋቢ ራሱን ወሬ ማድረግ የለበትም ብዬ አምናለሁ፤ ዛሬም አቋሜ አልተለወጠም። ይህችን አንዷን ግን ልጽፋት ነው። የምጽፈው ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ ነው። እርግጠኛ ያልሆንኩበት ቦታ ስደርስ ደግሞ እነግራችኋለሁ።

ነገሩ የተፈጸመው ባለፈው ዓመት ኅዳር ውስጥ፣ ከቅዳሜ ማታ እስከ ሰኞ ረፋድ ባለው ጊዜ ነው።

ያኔ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖር ነበር። ታላቅ ወንድሜ ታደለ፣ እኔ ጋሼ የምለው፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ይኖራል። በእግር ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ያም ሆኖ ስድስት ዓመት ሙሉ ቤቱ ገብቼ አላውቅም። በየበዓሉ እሄዳለሁ፤ ደጃፉ ላይ ቆሜ የያዝኩትን አቀብላለሁ፤ "እንኳን አደረሳችሁ" እላለሁ። "ግባ እንጂ" ሲሉኝ "ቸኩያለሁ" ብዬ እመለሳለሁ። አንድም ቀን ቸኩዬ አላውቅም።

አባባ ያረፈ ዕለት እኔ ደቡብ ውስጥ ጎርፍ ልዘግብ ሄጄ ነበር። መርዶው የደረሰኝ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ መኪና አሥር ሰዓት ላይ ይነሳል። በመካከሉ ባለችው አንድ ሰዓት ዘገባዬን ልላክ ብዬ ተቀመጥኩ። መስመሩ እየተቋረጠ ሲያስቸግረኝ መኪናው አመለጠኝ። በማግስቱ ማታ ስደርስ ቀብሩ አልቋል። ጋሼ በሩ ላይ ቆሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ድምፅህ ትናንት ደርሷል፤ ለቀስተኛው ሁሉ ሰምቶታል። አንተ ነህ ያልደረስከው" አለኝ።

ያለው እውነት ነበር። እውነት የሆነ ነገር ማስተባበል አልችልበትም። ከደጃፉ ተመለስኩ፤ ከዚያ በኋላ ያንን ደፍ መሻገር አቃተኝ።

በዚያ ቅዳሜ ማታ የጋሼ ሚስት እትዬ ፀሐይ ደወለችልኝ።

"መላኩ፣ ወንድምህ ዓይኑን ተሠርቷል።"

"መቼ?"

"ሐሙስ። ግራዋ ድሮም እንደማታይ ታውቃለህ። አሁን የቀኙን ሞራ ገፈፉለትና ሸፈኑት። እስከ ማክሰኞ አይፈታም። ነገ ደግሞ እርግቦቹ ከጅማ ይለቀቃሉ።"

"እና?"

"እናማ ሰማዩን የሚያይለት ሰው ያስፈልገዋል። እኔ እንደሆንኩ እርግብና ፌስታል ከሩቅ አልለይም።"

"ሙስጠፋ የለም እንዴ?"

"ሙስጠፋ ተወዳዳሪው አይደል! 'የማይዋሽ ሰው አምጡልኝ' ሲል ነው የዋለው። ስም አልጠራም፤ እኛው አወቅነው።"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ።

"ለሰማዩ ነው የጠራንህ እንጂ ለቤቱ አይደለም" አለችኝ። "በውጭ ደረጃ ወጥተህ በውጭ ደረጃ ትወርዳለህ።"

እሺ አልኩ።

ስለ እርግቦቹ ትንሽ ልንገራችሁ። አባባ የስልክ መስመር ጥገና ሠራተኛ ነበር። እርግብ ማርባት የጀመረው ልደታ በነበረው አሮጌ ቤታችን ግቢ ውስጥ ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ እሱና ጋሼ የቤቱን ሳንቃና በር ነቅለው አስቀመጡ። ኮንዶሚኒየሙ ሲደርሰን የብሎኩን ኮሚቴ አስፈቅደው፣ በዚያው ሳንቃ ጣሪያው ላይ ትልቅ እርግብ ቤት ሠሩ። ዛሬ ከመቶ በላይ እርግብ አለበት። ጫጩቶቹ ክንፋቸው ሲጠና መጀመሪያ ከሜክሲኮ ይለቀቃሉ፤ ከዚያ ከሰበታ፣ ከወሊሶ፣ ከወልቂጤ። መንገዱን የለመዱት በመጨረሻ ጅማ ይደርሳሉ። የልደታና የተክለ ሃይማኖት አርቢዎች በዓመት ጥቂት ጊዜ ከጅማ ያወዳድራሉ። ቅርጫቶቹ ቅዳሜ ጠዋት በመኪና ይሄዳሉ፤ እሑድ ንጋት ላይ ይከፈታሉ።

በዚህ ውድድር አንድ ሕግ አለ። እርግቢቱ ከጅማ ድረስ በርራ መጥታ ጣሪያው ላይ ብታርፍ ደረሰች እንጂ ገባች አይባልም። የእርግብ ቤቱ መግቢያ ወደ ውስጥ ብቻ የሚገፋ የሽቦ መዝጊያ ነው። ያንን በደረቷ ገፍታ ስታልፍ ብቻ ሰዓቷ ይያዛል። ጣሪያ ላይ ሰዓት ሙሉ ተቀምጠው ላባቸውን ሲያበጥሩ የተሸነፉ አሉ። "ጣሪያ ላይ ያረፈች አልገባችም" ይል ነበር አባባ፤ በዚህ ጉዳይ ከማንም አይደራደርም።

እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በውጭ ደረጃ ወጣሁ። ጋሼ በፕላስቲክ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ቀኝ ዓይኑ በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል። የእግሬን ኮቴ ሰምቶ ዞረ።

"መጣህ?"

"መጣሁ ጋሼ። እንዴት ነህ?"

"እንደምታየኝ። እኔ አላይህም እንጂ።" ፈገግ አለ። "አሥራ አንድ ልኬያለሁ። ከአራት ሰዓት ተኩል በፊት አይመጡም። እስከዚያ ውስጥ ላሉት እህል ላድርግ።"

እየዳሰሰ ወደ እርግብ ቤቱ ገባ። እኔ ከበሩ ውጭ ቆምኩ። በሩ የአሮጌው ቤታችን በር ነው፤ አረንጓዴው ቀለም ተላልጧል። የእኔና የጋሼ ቁመት በሚስማር የተጫረበት መስመር ጎኑ ላይ አለ።

ከውስጥ እህል የሚበትንበት ድምፅ ድንገት ተቋረጠ። ትንሽ ቆይቶ አንዲት እርግብ በሁለት እጁ ይዞ በሩ ላይ ብቅ አለ። ራሷ ነጭ ነው፤ ሻሽ ያሰረች ትመስላለች።

"እስቲ ቀለበቷን እየው። ምንድን ነው?"

"አሉሚኒየም። ቁጥር አለው።"

"መዳብ አይደለም? የተጠማዘዘ የመዳብ ሽቦ?"

"አይ" ብቻ ነው ያልኩት።

ጋሼ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ።

ቅርጫት ውስጥ የገባችው ሌላ እርግብ መሆኗን ያወቀው በዚያች ቅጽበት ነው። በእጁ ያለችው ትንሿ ሻሼ ናት፤ የሦስት ዓመት ጉልበተኛ፣ ለጅማ የተዘጋጀችው። የተላከችው እናቷ ሻሼ ናት። ሻሼ ሰባት ዓመት አልፏታል፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ ከልደታ ሰማይ አልወጣችም። አባባ ከመሞቱ በፊት በስልክ ሽቦ በእጁ ቀለበት ያሰረላት የመጨረሻዋ እርግብ ናት። የእሱ እጅ የነካቸው ሌሎቹ ሁሉ አልቀዋል።

"እንዴት ሆነ?" አልኩት።

"ፀሐይ አርብ ዕለት ቤቱን ስትጠርግ ሳጥናቸውን አቀያይራቸዋለች። እኔ በሳጥኑ ሄድኩ። አካላቸው አንድ ነው፤ ደረታቸው አንድ ነው። ቀለበቷን ልንካ ብል ኖሮ አንድ አፍታ ነበር። አርባ ዓመት እርግብ ይዤ ቀለበት ልዳስስ? ነውር መሰለኝ።"

ሰዓቴን አየሁ። አንድ ሰዓት ከሩብ። ቅርጫቶቹ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተከፍተዋል። ሻሼ አየር ላይ ናት።

"ግቤ ሸለቆ ላይ ጭልፊት አለ" አለ ጋሼ፣ ለራሱ ይመስላል።

አራት ሰዓት ከሃምሳ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት በባቡሩ ድልድይ በኩል ዝቅ ብለው መጡ። ያየሁትን እንዳለ ነገርኩት፦ ሁለት፣ አንደኛው ጥቁር ክንፍ፣ አንደኛው ግራጫ፣ ሁለቱም ገቡ። ስልክ ጠራ። ሙስጠፋ ነው፤ ድምፁ ለእኔም ይሰማኛል።

"ታዴ! ሦስት ገብተውልኛል። እናንተ ሰፈር ገና መጋረጃ አልተገለጠም እንዴ?"

"ሁለት አለኝ" አለው ጋሼ።

"ወንድምህ ነው አሉ የሚያየው። ይቺን ለዜና እንዳያቆያት ንገረው!"

በሌላ ቀን ቢሆን ጋሼ መልስ አያጣለትም ነበር። "ሙስጤ፣ ሻሼን በስሕተት ልኬያታለሁ" ብቻ አለው። ከወዲያኛው ጫፍ ሳቁ ጠፋ። "ያባባን?" አለ ሙስጠፋ። ከዚያ በኋላ ያን ቀን ስለ ውድድሩ አልደወለም፤ በየሰዓቱ እየደወለ "መጣች?" ይል ነበር እንጂ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት አሥሩ ገቡ። እትዬ ፀሐይ ሽሮ ፍርፍር በሳህን ይዛ ወጣች። "ታች ብትበላ ጣራው ይደረመስብሃል?" አለችኝና መልስ ሳትጠብቅ ወረደች። አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠን በላን። ጋሼ በጆሮው ሰማዩን ይከተላል። ክንፍ በሰማ ቁጥር "እሷ ናት?" ይለኛል። እኔም "አይደለችም" እለዋለሁ። ስንት ጊዜ እንዳልኩት አልቆጠርኩም። አንድ ጊዜ ልዋሸው አሰብኩ፤ "ሩቅ ላይ አንድ ነገር ይታየኛል" ልለው። አላልኩትም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሰማዩ ጠቆረ። እርግብ በጨለማ አትበርም።

"ዛፍ ላይ ካደረች ነገ ትመጣለች" አለ ጋሼ። "ካላደረች..." አልጨረሰውም።

ስወርድ የቤቱ በር ገርበብ ብሎ ተከፍቷል። ከውስጥ መብራት ይታያል። ደፉ ላይ ቆሜ "ነገም እመጣለሁ" አልኩ። "ግባ እንጂ" አለች እትዬ ፀሐይ። "ቸኩያለሁ" አልኩ።

ሰኞ ጠዋት ጣሪያው ላይ ሆኜ ሰማዩን ስጠብቅ አለቃዬ ደወለ። "የት ነህ?" "ቦታው ላይ ነኝ" አልኩት። "የምን ቦታ?" በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ "ቤተሰብ ጋ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ከሜክሲኮ አቅጣጫ አንዲት እርግብ ብቻዋን መጣች። አበራረሯ ትክክል አልነበረም፤ ግራ ክንፏ ይጎተታል። አጠገባችን ያለውን ብሎክ ታከከች፤ መንገዱን እንደምንም ተሻግራ እኛ ጣሪያ ላይ ካለው የውሃ ታንከር ላይ ወደቀች ማለት ይቻላል። ራሷ ነጭ ነው።

"ጋሼ፣ መጣች።"

ተነሳ። "ገባች?"

"አልገባችም። ታንከሩ ላይ ናት። ግራ ክንፏ ተጎድቷል፤ ጅራቷ ላይ ላባ የላትም። ደም አለ።"

"አትጠጋት! ከደነገጠች ትነሳለች፤ በዚህ ክንፍ ከተነሳች አስፋልት ላይ ነው የምትወድቀው።"

ጋሼ አፏጨ። እርግቦቹን የሚጠራው በፉጨት ነው፤ ውስጥ ያሉት ሁሉ ተንጫጩ። ሻሼ ራሷን ዘንበል አድርጋ ሰማች፤ አልተንቀሳቀሰችም። እንደገና አፏጨ። እህል በቆርቆሮ አንኳኳ። ምንም። ቀና ብዬ ሳይ ከባቡሩ ድልድይ በላይ አንድ ጭልፊት ይዞራል። ይህንንም ነገርኩት።

"እሷን ያሠለጠናት አባባ ነው" አለ ጋሼ። "ፉጨት አይወድም ነበር። ምን ይላት እንደነበር ታስታውሳለህ?"

አስታውሳለሁ። አባባ እርግቦቹን የሚጠራበት ቃል እኛን ከጨዋታ የሚጠራበት ቃል ነበር። ፀሐይ አናት ላይ ሆናም ቢሆን "ግቡ፣ መሸባችሁ" ይለናል። እርግቦቹንም በቀትር "ግቢ እቴ፣ ግቢ፣ መሸብሽ" ይላቸዋል። እናታችን "የእሱ ቀን ከሰው ቀድሞ ነው የሚመሸው" እያለች ትስቅበት ነበር።

"አንተ በላት" አለኝ ጋሼ።

"እኔ?"

"ድምፁ አንተ ጋ ነው ያለው። ሰው ሁሉ ይለዋል። እኔ የእማዬን ነው የወረስኩት።"

ጉሮሮዬን ጠረግሁና "ግቢ እቴ፣ ግቢ፣ መሸብሽ" አልኩ።

ጋሼ ተናደደ። "ዜና አታንብብላት!"

ልክ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ያስተካከልኩት ድምፅ ነው የወጣው፤ ማንንም የማይጠራ ድምፅ።

"ደግሞ ከውስጥ ሆነህ ነው" አለኝ። "አባባ ከውስጥ ጆንያው ላይ ተቀምጦ ነበር የሚጠራት። ከውጭ አትሰማህም።"

በአረንጓዴው በር ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ውስጡ የገብስና የላባ ሽታ አለው። ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። አባባ ሲጠራን እንዴት ነበር የሚለው? አይጮህም ነበር። አጠገቡ ላለ ሰው እንደሚናገር፣ ትንሽ እንደደከመው ሰው፣ "ግቢ" የምትለዋን ሳብ አድርጎ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ግቢ እቴ... ግቢ። መሸብሽ።"

ድምፁን ሰማሁት። ከእኔ ነው የወጣው፤ ግን የእኔ አልነበረም። ስድስት ዓመት ያልሰማሁት ድምፅ ከገዛ ደረቴ ሲወጣ ስሰማ፣ የሚናገረው አባባ ራሱ እዚያው ጆንያ ላይ የተቀመጠ መሰለኝ። ውስጥ ያሉት እርግቦች ዝም አሉ። ሁለተኛ አልኩ። ሦስተኛ አልኩ። የእርግብ ቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ ላይ የጥፍር ድምፅ ተሰማ፤ ቆም አለ፤ ቀረበ። ከዚያ የሽቦ መዝጊያው ቅጭል አለ፤ ሻሼ በደረቷ ገፍታው አለፈች፤ እግሬ ሥር መጥታ ቆመች። እግሯ ላይ ሦስት ጊዜ የተጠማዘዘ የመዳብ ሽቦ አለ።

"ገባች" አልኩ።

"ሰዓት?" አለ ጋሼ ከውጭ።

"አራት ሰዓት ከሠላሳ ስምንት።"

በበሩ ስንጥቅ ሳየው፣ መዳፉን የቁመታችን ምልክት ላይ ለጥፎ ቆሟል።

"እንደገና በላት" አለኝ።

"ገብታለች እኮ ጋሼ።"

"አውቃለሁ። በላት።"

አልኳት።

እትዬ ፀሐይ ደረጃውን ጨርሳ ብቅ ስትል ይህን አየች። "ታደለ! ሐኪሙ ፋሻውን ውሃ እንዳይነካው አላለም?"

"አላለቀስኩም" አለ።

ለእውነት ያህል፦ እያለቀሰ ነበር።

"ይኸው ነው" አለች ወደ እኔ ዞራ። "ስድስት ዓመት ማታ ማታ ሬዲዮ ይዞ እዚህ ይወጣል። ለዜናው መሰለህ? ስለ ምን እንዳወራህ ብጠይቀው እኮ አያውቀውም።"

እዚህ ላይ እርግጠኛ ያልሆንኩበት ቦታ ደርሻለሁ። ሻሼ ለምን እንደገባች አላውቅም። የአባባን ድምፅ አስታውሳ ይሆናል። ማታ ማታ በጋሼ ሬዲዮ የእኔን ድምፅ ለምዳም ይሆናል። ወይም በጣም ጠምቷት ነበር፤ ውሃው ያለው ውስጥ ነው። ሦስቱንም ጻፍኩላችሁ፤ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ።

ቁስሏ መታጠብ ነበረበት፤ ለብ ያለ ውሃና ጨው ያለው ደግሞ ታች ቤት ነው። ሻሼን በሁለት እጄ ያዝኩ። ጋሼ ደረጃው ስለማይታየው ትከሻዬን ይዞ ከኋላዬ ተከተለኝ። ደፉ ጋ ስንደርስ እግሬ እንደ ልማዱ ቆመ። ጋሼ ከኋላ መጥቶ ተላተመኝ።

"ምን ሆንክ?"

"ምንም።"

ለምን እንደቆምኩ ገባው። ትከሻዬ ላይ ያለው እጁ ጠበቅ አለ፤ ግን አልገፋኝም።

"ግባ እንጂ" አለኝ። "መሸብህ።"

አምስት ሰዓት አልሞላም፤ ፀሐይዋ አናት ለመድረስ ገና ነበራት። ገባሁ።

ሻሼ ከዚያ በኋላ አሥራ ስድስት ቀን ኖረች። ክንፏ አልዳነም። ቀለበቷ ጋሼ ጋ አለ። ዓይኑ ማክሰኞ ተፈትቶ ጥሩ አየ፤ ሙስጠፋም "አሁን ደግሞ በስሕተት የምትልከው ምን ይሆን?" እያለ ይነዘንዘዋል።

ብዙ አልለወጠኝም። ዛሬም ያው ዘጋቢ ነኝ፤ ዘገባዬን ከመላኬ በፊት ሁለት ጊዜ አጣራለሁ። ያቺን ያመለጠችኝን መኪና ግን ዛሬም አያታለሁ፤ ከቀብሩ ያልነበርኩ ሰው ከዚህ በኋላም ያልነበርኩ ነኝ፤ ያንን የሚያቃና ነገር የለም። የተለወጠው ሌላ ነው። እናንተም የምታነቡት ምናልባት በየበዓሉ የአንድ ሰው ደጃፍ ላይ ቆማችሁ "ቸኩያለሁ" ትሉ ይሆናል። እዚያ ድረስ መሄዳችሁን እንደ መግባት ቆጥራችሁት ይሆናል። እኔ ስድስት ዓመት ቆጥሬዋለሁ።

አሁን ከየትኛውም ክፍለ ሀገር ሥራ ስመለስ ሻንጣዬን ሳላወርድ ለጋሼ እደውላለሁ። የምለው አንድ ቃል ነው፦ "ገባሁ"። እሱም "እሺ፣ ተመስገን" ይላል። አንዳንድ ቀን ግን ስልኩን አይዘጋም፤ ከበስተጀርባው የእርግቦቹ ድምፅ ይሰማኛል። ስልኩን ወደ ትንሿ ሻሼ ያስጠጋና፣ "እስቲ በላት" ይለኛል።

እላታለሁ።